የቬልጋድ ዘቦች ውሃ

ቬልጋድን ምሽግ ብሎ መጥራት ለትልልቆቹ ምሽጎች ስድብ ነው። በዚያ የባሕር ዳርቻ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ብትሄዱ፣ መግቢያ ቲኬት የሚቆረጥባቸው፣ ተማሪዎች እየተጋፉ ፎቶ የሚነሱባቸው፣ ነገሥታት ያደሩባቸው ምሽጎች ሞልተዋል። ቬልጋድ ግን ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ሲሸሽ በእግር በሚደረስበት ጥቁር ቋጥኝ ላይ የተጎለተ የተሸራረፈ ግንብ ነው። ዝገት የበላቸው ጥቂት መድፎች አሉት፤ መዝጊያ የሌለው በር አለው፤ መሐሉ ላይ የተሰነጠቀ የድንጋይ ገንዳ አለው። ንጉሥ አድሮበት አያውቅም። ቢያድርበትም የሚጠጣው አያገኝም ነበር፤ ቋጥኙ ላይ ምንጭ የለም።

የምሽጉ ታሪክም ከዚሁ ከውሃ አይወጣም። ከእንግሊዞች በፊት አገሩን በገዙት በማራታ ነገሥታት ዘመን ዘቦቹ የሚጠጡት ከመንደሩ ጉድጓድ እየተቀዳ በጀልባ የሚሄድላቸውን ነበር። የእንግሊዞች መርከብ መጥቶ ከቋጥኙ ማዶ መልሕቁን የጣለ ጊዜ፣ የውሃ ማመላለስ ሥራ የነበረው ጀልበኛ ገንቦዎቹን ጭኖ ግማሽ መንገድ ሄደ። የመርከቡን መድፎች አፍ አየና ዞረ። በማግስቱም አልሄደም። መንደሩም ሂድ አላለውም፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ሁሉም በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ዘቦቹ እጃቸውን አልሰጡም። እንግሊዞቹ በመጨረሻ ግንቡን ዘለው ሲገቡ የተኮሰባቸው ሰው አልነበረም። ዘቦቹ በየቦታቸው ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ደርቀው ተቀምጠው ነበር። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ጠላት መርከብ አልነበረም። ሁሉም የሚያዩት ወደ መንደሩ ነበር።

ይህን የጻፈው የለም። ከዚያ ወዲህ ግን የዚያ ጀልበኛ ቤት «የውሃው ቤት» ተብሎ ቀረ፤ ባጊ የምትባል ሴት የተዳረችውም ወደዚህ ቤት ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ ወንዶቹ ለባሕሩ ኮኮናት ወርውረው ጀልባቸውን ከማውጣታቸው በፊት፣ የውሃው ቤት ሴት ከአሮጌው ጉድጓድ ትቀዳለች። ባሕሩ ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች እየተከተሏት ወደ ምሽጉ ትሻገራለች። በሩ ላይ ስትደርስ ከገንቦው አንድ ጉንጭ ትጠጣለች፤ ውስጥ ላሉት ውሃው ጥሩ መሆኑን ማሳየቷ ነው። ከዚያ ብቻዋን ትገባና ገንዳው ውስጥ ታፈሰዋለች። «ውሃችሁ መጥቷል፣ ጠጡ፣ የኛን ሰዎች አትያዙብን» ትልና ወደ ገንዳው ሳታይ ትወጣለች። በማግስቱ ገንዳው ደረቅ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ምሁር፣ የተሰነጠቀ ገንዳ ቢደርቅ ምን ይገርማል ብሎ ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር። አልተከራከሩትም፤ ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

ባጊ ይህን ሥራ የተረከበችው አማቷ ሂራ እግሯ ተይዞ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ነው። ሂራ እግሯ ቢያዝም ምላሷ አልተያዘም። አልጋዋ ላይ ሆና ቤቱን ታዝዛለች፣ ጎረቤቱን ትሳደባለች፣ ሁለቱን ምራቶቿን እያስተያየች ታበሽቃለች። ባጊ የትልቁ ልጇ የዳሙ ሚስት ናት። የትንሹ የሶፓን ሚስት ሳኩ ናት፤ ያን ጊዜ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበር። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ምድጃ ይበላሉ፤ ብዙም አይጣሉም።

በዚያ ዓመት ጉድጓዱ ተበላሸ። ከመንደሩ ጀርባ ያለውን የሩዝ ማሳ ሰዎች ገዝተው ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ማርቢያ የጨው ውሃ ኩሬ ቆፍረውበት፣ ጨው ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ መጣ። መንደሩ በቦቴ የሚመጣ ውሃ መጠጣት ጀመረ። ክሎሪን ክሎሪን ይላል፣ ግን ይጠጣል። የማሻገሪያው ቀን ሲደርስ ባጊ አማቷን፣ ዘንድሮስ ከቦቴው ብወስድላቸው ምን ይመስልሻል ስትል ጠየቀቻት።

ሂራ ትራሷ ላይ ቀና አለች። «ከጉድጓዳችን ነው የከለከልናቸው። ከጉድጓዳችን ነው የምንሰጣቸው። የመንግሥት ቦቴ ነው እንዴ ያስጠማቸው?»

ነገሩ ትክክል ይመስላል፤ የአማት ነገር ደግሞ ትክክል ባይመስልም ይፈጸማል። ባጊ ከጉድጓዱ ቀድታ ተሻገረች። በሩ ላይ ቆማ አንዱን ጉንጭ ስትወስድ ጨውነቱ ምላሷን ያዘው። መትፋት ነበረባት፤ ውሃው መመለስ ነበረበት። ከኋላዋ የመንደሩ ሴቶች ቆመው ያይዋታል፤ ባሕሩም መመለስ ጀምሯል። ፊቷን ሳታጠቁር ዋጠችው፣ ገባች፣ አፈሰሰችው። የወትሮውን ቃል ብላ ስትዞር ከገንዳው በኩል አንድ ድምፅ ሰማች። ሰው አፉ የገባውን ነገር እንትፍ ሲል የሚሰማ ድምፅ ነበር። አልዞረችም። ለማንም አልተናገረችም።

ኮኮናቱ ተወረወረ፣ ጀልባዎቹ ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ማንም ያልጠበቀው ማዕበል ተነሳ። ሌሎቹ ጀልባዎች አንዱ ሸራው ተቀዶ፣ አንዱ ሞተሩ ጠፍቶ እየተጎተተ ተመለሱ። ዳሙና ሶፓን የነበሩበት ጀልባ አልተመለሰም። የባሕር ጠባቂዎቹ ፈለጉ፣ አጡ፣ ፍለጋው ይቀጥላል ብለው ቀስ በቀስ ተዉት። የዳሙ ሞባይል አይሠራም። ሂራ መሳደብ አቆመች፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ በእውነት ፈራ። ባጊን ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያስጨንቃት ያ የእንትፍ ድምፅ ነበር። አላስተኛ አላስበላ አላት።

የመንደሩን ሥርዓት የሚያውቀው ሽማግሌ ላሁ መጣና በደጁ ተቀመጠ። ባሕር የወሰደው ሰው አስከሬኑ ካልተገኘ፣ ሚስቱ የትዳሯ ምልክት የሆነውን የመስታወት አምባሯን ከመስበሯ በፊት ምሽጉ በር ላይ ትጠራዋለች። ዝም ካለ ባሕሩ ወስዶታል፤ አምባሩ ይሰበራል። ውሃ ከጠየቀ ግን ገና መሐል ላይ ነው፤ ዘቦቹ ይዘውታል። ሚስቲቱ ታፈስላቸዋለች። አንዳንዱን ይለቁታል፣ አንዳንዱን አይለቁትም።

«ለእያንዳንዱ የራሱን ገንቦ ነው» አለ ላሁ። «በአንዱ ውሃ ሁለት ሰው አይጠራም። ይህን እንዳትረሱ።»

ሳኩ ነጠላዋን አስተካክላ ልነሳ አለች። ባሕሩ ቢሸሽም መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ያንሸራትታል፣ አንዳንዱ ቦታ እስከ ጭን ያሰጥማል። ባጊ ከለከለቻት።

«ከነሆድሽ የት ትሄጃለሽ? እኔ ሁለቱንም እወስዳለሁ። ያንቺንም እጠራልሻለሁ።»

«በስሙ ጥሪው እሺ፣ እትዬ? ሶፓን ብለሽ። ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም፣ ታውቂው የለ። ደግመሽ ጥሪው።»

«እደግመዋለሁ።»

ባጊ በዚህ ጊዜ አማቷን አላማከረችም። ሁለቱን የነሐስ ገንቦዎች ከቦቴው ሞላች፤ አንዱን በአናቷ፣ ሌላውን በወገቧ ይዛ ብቻዋን ተሻገረች። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስለነበር የመንደሩ ጣሪያዎች፣ የተሰጣው መረብ፣ ዳርቻው ላይ የተቀመጠችው ሳኩ ሁሉ በደንብ ይታያሉ። ባጊ ይህን ደጋግማ ዞር እያለች ታየው ነበር፤ ያጽናናታል።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን ሌላ አየር ነው። ሰሞኑን ዝናብ ሳይጥል ግንቡ በውስጥ በኩል እርጥብ ነበር፤ ይንጠባጠባል። ገንቦዎቹን አወረደች። ከአንዱ አንድ ጉንጭ ጠጣች፤ የክሎሪኑ ሽታ አፍንጫዋን ነካው እንጂ ውሃው ጥሩ ነበር። ምላሷን አርሳ፣ የባሏን ስም ጮክ ብላ ጠራች።

መንጠባጠቡ ቆመ። ከዚያ ድምፅ መጣ። ከሩቅ አልነበረም፤ ከግንቡ ጀርባ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ዳሙ ከባሕር ገብቶ መረቡን ደጅ ጥሎ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ በሚናገርበት ድምፅ ነበር።

«ባጊ፣ ውሃ አለ?»

እያለቀሰች የመጀመሪያውን ገንቦ አንስታ ገባች። ገንዳው ላይ አፈሰሰችው። እንደ ተማረችው አላየችም፤ ጆሮዋን ግን መዝጋት አልቻለችም። ይጠጡ ነበር። አንዱ ጎንጨት ብሎ ያቆማል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ እሱም ያቆማል፣ ሌላው። አልተጋፉም። ወታደር ተራውን ጠብቆ ሲጠጣ እንደሚያደርገው ነበር። ገንቦው ባዶ ሲሆን እዚያው ትታው በሩ ላይ ወዳለው ወደ ሁለተኛው ተመለሰች።

ጎንበስ ብላ እጀታውን ያዘች። አሁን ሶፓንን መጥራት አለባት። አፏን ከፈተች፤ ስሙ ምላሷ ላይ ነበር።

«ሌላም አለ?» አሉ ከውስጥ።

ይህ የዳሙ ድምፅ አልነበረም፤ የአንድ ሰውም አልነበረም። ቁጣ የሌለበት፣ ልመናም የሌለበት፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በቀስታ ሲናገር የሚሰማ ድምፅ ነበር። ባጊ ቀና ስትል ከገንዳው እስከ በሩ ባለው ደረቅ ድንጋይ ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አየች። ስትወጣ አልነበረም። የራሷ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች፤ ዱካው ግን የወንድ እግር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ጣቶቹም ወደ እሷ የዞሩ ናቸው። እያየችው አንድ አዲስ ዱካ ተጨመረ። ከጎኑም ሌላ።

ባጊ ሮጠች። ሁለተኛው ገንቦ በሩ ላይ እንደ ሞላ ቀረ። ድንጋዩ ላይ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ክርኗ ደማ፤ ዞር ሳትል ዳርቻው ላይ ወጣች። ሳኩ ሁለት እጇን አሸዋው ላይ ተክላ እንደ ምንም ብድግ አለችና ገና ባጊ ሳትደርስ ጠየቀቻት፤ ዳሙ ውሃ ጠየቀ ወይ? ባጊ ትንፋሿን እየሰበሰበች ጠየቀ አለች፤ አፈሰስኩለት አለች።

«ሶፓንስ?»

ያን ጊዜ ባሕሩ ገና አልተመለሰም ነበር። ሄዳ ለመምጣት ጊዜ ነበራት። ባጊ የሳኩን ፊት አየች፣ ከዚያ በሩን አየች፤ እግሯ እንደማይሄድላት አወቀች። ነገ ጎሕ ሲቀድ ባሕሩ ሲሸሽ ተመልሼ እጠራዋለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም ብላ በልቧ ወሰነች።

«እሱም» አለች።

ሳኩ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ባጊ የሚቃጠለውን ፊቷን በሳኩ ትከሻ ሸሸገች። በማግስቱ እስከ ውሃው ጠርዝ ሄዳ ነበር። እግሯን አንዴ አነከረችና ያ የእግር ዱካ ትዝ ሲላት ተመለሰች። ከዚያ ደግሞ ባሕሩ ደፈረሰ፣ ነፋስ ሆነ፣ ሂራ ታመመች። ላለመሄድ የፈለገ ሰው ምክንያት አያጣም።

ዜናው በስልክ መጣ። አንድ ትልቅ የዓሣ መርከብ ሰው ከባሕር አንስቷል፤ ሆስፒታል ነው፤ ስሙን ዳሙ ብሏል። መንደሩ ከበሮ ይዞ ወጣ። ስለ ሶፓን ሲጠይቁ ስልኩ ላይ ያለው ሰው ስለ ሌላ ሰው አላውቅም አለ። ሳኩ ተስፋ አልቆረጠችም፤ እንዲያውም ባጊን የምታጽናናው እሷ ሆነች። ሁለቱም ጠይቀዋል አይደል፣ አንዱን የለቀቁ ሌላውንም ይለቁታል ትላለች። ባጊ ይህን ስትሰማ ደስታዋን የት እንደምታደርገው ግራ ገባት። ባሏ በሕይወት አለ፤ ግን እግዜር ይመስገን ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት።

ዳሙ ሲመጣ ፊቱ ተልጦ፣ ከንፈሩ አብጦ ነበር። እናቱ አልጋ አጠገብ አስቀመጡትና የሩዝ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሱት ጎረቤት ሁሉ ዙሪያውን ከበበው። ጀልባዋ ስትገለበጥ ከወንድሙ ጋር ጀሪካኖች አሥረው ገመዱን ይዘው እንደ ተንሳፈፉ ተናገረ። ማዕበሉ አለፈ፤ ከማዕበሉ ይልቅ የገደላቸው ጥሙ ነበር። ምላሱ አፉ ውስጥ አልበቃ አለው። ሶፓን የባሕሩን ውሃ ሊጠጣ ሲል በጥፊ እየመታ ይከለክለው ነበር።

«ከዚያ ጀልባ መጣች» አለ። «ፀሐይ መትቶኝ ነው በሉ፤ እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ሞተር የላትም፣ ሸራ የላትም። ጥምጥም ያሠሩ ሰዎች ነበሩባት፤ ከንፈራቸው ከኔ ይብስ ነበር። አንዱ በመዳፉ አጠጣኝ። እኔን የገረመኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ይል ነበር። ልክ እንደ ቦቴያችን።»

ላሁ ትንባሆውን ማላመጥ አቆመ። ሂራ ባጊን ታይ ጀመር።

«ለወንድሜም ስጡት አልኳቸው» ሲል ዳሙ ቀጠለ። «አጠገቤ ነበር እኮ። አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ሰውየው አየውና ራሱን ነቀነቀ። የሱ ውሃ በሩ ላይ ቀርቷል አለኝ። ያልፈሰሰልንን እኛ አናነሳም አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ። ጥለውን ሄዱ። ሶፓን ገመዱን እንደ ያዘ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ የለም። ዋኝቶ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ እሱ ዋና ይችላል።»

ባጊ ማንኪያውን እንደ ያዘች ቀረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወድ ነበር። ሳኩን ላለማየት ብዙ ታገለች፤ አየቻት። ሳኩ ግድግዳውን ተደግፋ በዝግታ ተነሳችና በመስኮቱ ወደ ባሕሩ ተመለከተች። ባሕሩ እየሸሸ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወጣች።

ባጊ ተከትላት ሮጣ ዳርቻው ላይ ደረሰችባት። ክንዷን ያዘቻት። «ሳኩ፣ አንቺ አትችይም። እኔ ልሂድ።»

«አንቺማ ሄደሽ ነበር» አለች ሳኩ፤ ክንዷን አስለቀቀችና ውሃው ውስጥ ገባች።

ባጊ አልተከተለቻትም። መከተል ፈልጋ ነበር፤ እግሯ ዛሬም እንደዚያን ቀን እምቢ አላት። ቆማ አየች። ሳኩ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ፣ በሌላው ድንጋዩን እየያዘች፣ እየተንገዳገደች ተሻገረች። በሩ ላይ ስትደርስ ገንቦው አጠገብ ቆመች። የባሏን ስም ስትጠራ ነፋሱ ድምፁን ወደ ዳርቻው አመጣው። ቆየች። ደግማ ጠራች፤ ሲጠሩት ቶሎ አይሰማም ብላ የለ። ከዚያ ረጅም ጊዜ አንገቷን ወደ በሩ አዘንብላ አዳመጠች። በመጨረሻ ጎንበስ አለች፣ ገንቦውን አነሳች፣ ገባች። ሳኩ ከነሕይወቷ የምትወጣ ለባጊ አልመሰላትም። ወጣች። ስትመለስ ባሕሩ ወገቧ ላይ ደርሶ ነበር።

ገንቦውን ባዶውን ባጊ እግር ሥር አስቀመጠችው። ውሃው ከልብሷ ላይ ይወርዳል።

«ጠራሁት» አለች። «ዝም አለ። ውሃውን ለነሱ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ።»

አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ግራ እጇን ወደ ገንቦው አፍ አስጠጋችና አምባሮቿን ጠርዙ ላይ ትመታ ጀመር። አረንጓዴው መስታወት እየተሰበረ አሸዋው ላይ ረገፈ። አንዱ ስባሪ እጇን ቆረጣት፤ አልጠረገችውም። ባጊ አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ያዘቻት። ሳኩ አልከለከለቻትም፣ አላየቻትምም። ሁሉም ተሰብሮ ሲያልቅ ቀና አለች።

«ያን ቀን ብትጠሪው ኖሮ ይመልስ ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

የጠየቀቻት ለመክሰስ አልነበረም፤ የምሯን ማወቅ ፈልጋ ነው። ባጊ ግን መልሱን አታውቅም ነበር። ዛሬም አታውቀውም፤ ሳኩም መጠየቋን አልተወችም።